ቀልብህ የት ነው?

አማርኛችን ስለ ቀልብ የሚያወራው ገበሬ ስለ አመለኛ በሬው እንደሚያወራው ነው። ቀልብ ይሳባል፤ ይገፈፋል፤ ይበታተናል፤ ይጠፋል። የደነገጠ ሰው «ቀልቡ ተገፈፈ» ይባላል። የሚዝረከረከው «ቀልበ ቢስ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ልብ» ነው። «ልብ በል» አልን፣ «ቀልብህን ሰብስብ» አልን፣ የምናወራው ስለ አንድ ነገር ነው። ሰውዬው እዚሁ ቆሟል፤ አንድ ነገሩ ግን ጥሎት ሄዷል። ይመለስ ነው የምንለው።

ይህን እየሰማን ነው ያደግነው። ብርጭቆ ሲሰበር «ቀልብህ የት ነው?» ስኳር እንዲገዛ የተላከ ልጅ ጨው ይዞ ሲመለስ «ቀልብህ የት ነው?» ትእዛዙ አይጎድልብንም፤ አንዳንዴም ኩርኩም ይመረቅበታል። የጎደለው «እንዴት?» የሚለው ነበር። በሬ ቢጠፋ ፍለጋ ይወጣል። ቀልብ ሲጠፋ በየት በኩል ነው የሚፈለገው? እኔ ለዚህ ጥያቄ መልስ መሳይ ነገር ያገኘሁት ይገኝበታል ተብሎ በማይጠረጠር ቦታ ነው፤ ሕክምና ትምህርት ቤት።

ሕክምና የተማረ፣ ወይም የሕክምና ተማሪ ዘመድ ያለው አንባቢ ለምን «የማይጠረጠር» እንዳልኩ ወዲያው ይገባዋል። እኛ የተማርነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። የሰው ልጅ 206 አጥንት አለው፤ እያንዳንዱ አጥንት ስም አለው፤ ስም ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ ጉብታውና ጎድጓዳው፣ ቀዳዳውና ጠርዙ ሁሉ ስም አለው። ከአንጎል የሚወጡት ነርቮች 12 ጥንድ ናቸው፤ ማን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚወጣ ይጠየቃል። አንድ የዶርም ጓደኛችን እራት ቀርቦ ሲያማትብ ከንፈሩ «አንደኛ ኦልፋክተሪ፣ ሁለተኛ ኦፕቲክ፣ ሦስተኛ ኦኩሎሞተር» ሲል ሰምተነው፣ ለሳምንት መሳለቂያ አድርገነዋል። የሳቅነው ግን እኛም ያው ስለሆንን ነበር።

ነጩን ጋውን ለብሰን ወደ ሆስፒታሉ ስንሻገር ነገሩ ባሰ። የሕክምና ተማሪ ክፍል ተቀምጦ ስለ ፈተናው ያስባል። ፈተና ላይ ተቀምጦ ስለ ዋርዱ ያስባል። ዋርድ ቆሞ ሲኒየሩ ስለሚወረውርበት ጥያቄ ያስባል። ዲዩቲ ሲያድር ስለ እንቅልፍ፣ እንቅልፍ ሲያገኝ ስላላነበበው ምዕራፍ ያስባል። ስድስቱን ዓመት እንዲህ አንድ እርምጃ ከፊቱ እየሮጠ ይጨርሳል። «ጊዜ የለኝም» የሕክምና ተማሪ ብሔራዊ መዝሙር ነው። እኔም ዘምሬዋለሁ። ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው ግን ጊዜውስ ነበረ፤ ጊዜው ውስጥ ያልነበርነው እኛ ነን።

ይህ የሐኪሞች በሽታ ብቻ እንዳይመስልዎ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች፣ ኪሊንግስወርዝና ጊልበርት፣ 2,250 ጎልማሶችን በእጅ ስልካቸው አማካይነት በድንገት እየጠሩ «አሁን ምን እየሠራህ ነው? ሐሳብህስ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። የሰዎቹ ሐሳብ ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ሆኖ የተገኘው 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ነው። ሐሳባቸው ሲዞር ደግሞ ደስታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። የነቃንበትን ግማሽ ዕድሜ ሌላ ቦታ ነው የምናሳልፈው ማለት ነው። እናቶቻችን ይህን ያለ ስልክ ያውቁት ነበር።

ወደ ዋርዱ ልመለስ። የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ተኝተው ነበር። ከሩቅ ገጠር የመጡ ናቸው። ያስቸገራቸው የልብ በሽታ ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር አንዳንዱን ሰው ሩማቲክ የሚባለው ትኩሳት ይከተለዋል፤ ትኩሳቱ ያልፍና የልብን በር አጥብቦት ይሄዳል። ጣጣው ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ደረጃ መውጣት ያደክማል፤ እግር ያብጣል፤ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራል። በአገራችን ብዙ ሰው፣ በተለይም ሴቶችን፣ ገና በጉብዝናቸው የሚጥል ሕመም ነው። እኚህ እናት ከብዙዎቹ የበለጠ ኖረዋል።

ለተማሪ እንዲህ ዓይነቷ በሽተኛ «ጥሩ ኬስ» ናት። ጥሩ ኬስ ማለት ደግሞ ዕረፍት የላትም ማለት ነው። አንዱ ተማሪ ደረታቸውን አዳምጦ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። አንዱ ጉበታቸውን ዳብሶ ሲነሣ ሌላው እጁን ያሟሙቃል። አንድ ቀን ጠዋት ራውንድ ላይ አልጋቸውን ከበን ቆመን፣ አንዱ ስለ በሩ ጥበት፣ ሌላው ስለ ድምፁ ዓይነት በእንግሊዝኛ ሲናገር ቆየና ፋታ ተገኘ። እሳቸው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፦

«ስንት ሆናችሁ መጣችሁ፤ ሰው ግን አልመጣም።»

አንዳንዶቻችን እንደ ቀልድ ፈገግ አልን። ሲኒየሩም ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ወደ ዶርም መጣ፤ አብሮኝም አደረ።

በዚያ ዋርድ ውስጥ አንዲት አንጋፋ ነርስ ነበሩ። ስማቸውን ሳይሆን «ሲስተር» ብለን ነው የምንጠራቸው። ፕሮፌሰሮቹን የማንፈራውን ያህል እሳቸውን እንፈራ ነበር። የልብ ትርታ ስንቆጥር እኛ የምንጠቀመው የተለመደውን አቋራጭ ነው፤ ሰዓት አይቶ 15 ሰከንድ ይቆጠራል፣ በአራት ይባዛል፣ ይጻፋል፣ ይሮጣል። ሲስተር ይህን ሲያዩ ደማቸው ይፈላል።

«አንተ ልጅ፣ በአራት ማባዛት ሒሳብ ነው እንጂ ምርመራ አይደለም። ሙሉ ደቂቃ ቁጠር።»

በሕክምናውም ልክ ናቸው። የልብ በር የጠበበበት ሰው ልቡ ብዙ ጊዜ ምቱን ይስታል። አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይዘላል። እንዲህ ያለ ልብ 15 ሰከንድ ቢቆጠር የሚገኘው ስሕተት በአራት ይባዛል። ለዚህ ሙሉ ደቂቃ፣ ካስፈለገም አንዱ ደረት ላይ ሌላው እጅ ላይ ሆኖ ሁለት ሰው መቁጠር አለበት።

ሙሉ ደቂቃ አጭር ትመስላለች። ሞክረው ይዩዋት! 20 ላይ የነገው ፈተና ትዝ ይላል። 34 ላይ ካፌ ውስጥ ምን ይቀርብ ይሆን ይባላል። 50 ላይ «ስንት ደርሼ ነበር?» ይመጣል። ሲስተር የተማሪውን ዓይን አይተው ብቻ ይነቁበታል።

«ቁጥሩ ጠፋህ አይደል?»

«አዎ ሲስተር።»

«ግድ የለም። ከአንድ ጀምር።»

ቁጣ የለበትም። «ቀልበ ቢስ!» የለበትም። ከአንድ ጀምር፤ በቃ። ያችን «ከአንድ ጀምር» ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አልቆጠርኳትም። ቀልብ እንዴት እንደሚሰበሰብ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት። ቀልብ በቁጣ አይሰበሰብም። ጣትን አንድ ሕያው ነገር ላይ ያሳርፉታል፤ ቀልብ ይሄዳል፤ መሄዱን ያዩታል፤ ሳይሳደቡ ይመልሱታል። እንደገና ይሄዳል፤ እንደገና ይመልሱታል። ትምህርቱ መመለሱ ላይ ነው።

እነዚያን እናት እንዲህ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ከጀመርኩ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ይመስለኛል። ጣቴ አንጓቸው ላይ ነው፤ ዝም ብለናል። ዝምታ ለሐኪም ውድ ነገር ነው፤ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ስንደራርብ በሽተኛው መሐል የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ደቂቃዋ አልቃ ቁጥሩን ልጽፍ ስል እሳቸው ዝግ ባለ ድምፅ፦

«ልጄ፣ ልንገርህ ብዬ ነው... ቤት ስሆን መድኃኒቱን ለሁለት እየሰበርኩ ነው የምውጠው።»

«ለምን እናቴ?»

«እንዲበረክትልኝ ነዋ!»

በዚያው ዓመት ሆስፒታል ሲተኙ ሦስተኛቸው ነበር። በካርዳቸው ላይ መድኃኒቱ እንደሚፈለገው እንዳልሠራላቸው ተጽፏል። መድኃኒቱ ግን ይሠራል፤ የሚውጡት ግማሹን ነው። ፋርማሲው ሩቅ ነው፣ ብሩ አጭር ነው፣ ልጆቻቸውን ማስቸገር አልፈለጉም። ይህን ያህል ሰው ደረታቸውን ሲያዳምጥ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም ለሚሮጥ ሰው አይናገሩም። ለሬዚደንቱ ነገርኩት። የሕክምና ወጪ በነፃ እንዲሆንላቸው ማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል ወረቀት ተጻፈላቸው፤ መድኃኒቱም እንዴት እንደሚወሰድ ልጃቸው ባለበት እንደገና ተነገራቸው። ከዚያ በኋላ በቀጠሯቸው ሲመጡ በእግራቸው ሄደው ነው ያየኋቸው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» የሚባለው ለካ ስለ ሕክምናም ነው!

ይህ ሲስተር ያስተማሩን ነገር በሌላው ዓለም ስም ወጥቶለት፣ ሥርዓተ ትምህርት ተበጅቶለት እንደሚሰጥ የሰማሁት ኢንተርን ሳለሁ ነው። «ማይንድፉልነስ» ይሉታል። ሥሩ የቡድሃ መነኮሳት የቆየ ልማድ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው በሽተኞች ሥልጠና አድርጎ ጀመረው። ሃይማኖቱን ትቶ ልምምዱን ወሰደ። ከትምህርቶቹ አንዱ ዘቢብ መብላት ነው። አንዲት ዘቢብ ይሰጥዎታል፤ ያዩዋታል፣ ይዳስሷታል፣ ያሸቷታል፣ ከዚያ ቀስ ብለው ያኝኳታል። ይህን ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዱ «የእኛን ካፌ ምሳ እንዲህ ልብ ብለህ ብትበላው ትምህርቱን ታቋርጣለህ» አለኝ።

የሕክምና ተማሪ መቼስ ማስረጃ ካላየ አያምንም። ማስረጃውስ? በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህንኑ ሥልጠና ለሕክምና ተማሪዎችና ሕክምና ለመግባት ለሚዘጋጁ ተማሪዎች ሰጥቶ፣ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው ሲቀንስ፣ የሌላውን ስሜት የመረዳት አቅማቸው ሲጨምር አግኝቷል። በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ 47 ሙከራዎችን፣ ከ3,500 በላይ ሰዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጥናት ወጣ። ለጭንቀት፣ ለድባቴና ለሕመም መጠነኛ ጥቅም እንዳለው አረጋገጠ። ከስፖርት ወይም ከመድኃኒት ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። ይህ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይመቸኛል። ተአምር አይደለም፤ ጥሩ ነገር ነው።

ችግሩ ሥልጠናው በየቀኑ 45 ደቂቃ የቤት ሥራ አለው። 45 ደቂቃ! ኢንተርን 45 ደቂቃ ካገኘ ይተኛል እንጂ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን አያዳምጥም። ስለዚህ እኔ ያደረግኩት ሌላ ነው። ጊዜ መጨመር ስላልቻልኩ፣ የግድ የማሳልፋቸውን ደቂቃዎች ነው የያዝኩት።

አንደኛው እጅ መታጠብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪም በሽተኛ ከመንካቱ በፊትም ከነካ በኋላም እጁን ማጽዳት አለበት። በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ነው። በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ መሆኑ ነው። ያችን ጊዜ ለሌላ ሐሳብ አልሰጥም። የአልኮሉ ቅዝቃዜ፣ የጣቶቹ መሐል፣ የአውራ ጣት ዙሪያ፤ ያለፈው በሽተኛ በዚያ ይለቀኛል፣ የሚቀጥለው ይገባል። ሁለተኛው ያው የሲስተር ደቂቃ ነው። ሦስተኛው ከዋርድ ወደ ካፌ ያለው መንገድ ነው፤ ሃንድአውት ሳይያዝ የሚሄድበት። አራተኛው ማታ በጀርባ ተኝቶ ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነትን በሐሳብ መጎብኘት ነው። ይህኛው ለሕክምና ተማሪ ይከብዳል፤ ባት ጋ ሲደርስ የጡንቻው ስም፣ የነርቩ ስም፣ የደም ሥሩ ስም ተሰልፎ ይጠብቀዋልና። ደግነቱ ብዙውን ጊዜ ጉልበቴ ሳልደርስ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

አሠራሩም ምስጢር የለውም። ትንፋሽ ሲገባ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፤ ሲወጣ ይዘገያል። የሚያዘገየው ከአንጎል የሚወርደው አሥረኛው ነርቭ፣ ቬገስ፣ ነው። ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት ልብን የሚያረጋጋው በዚህ በኩል ነው። እኔ ይህን ለፈተና ሸምድጄ፣ ጽፌ፣ ውጤት ተሰጥቶኛል። በራሴ አንጓ ላይ ጣቴን አድርጌ እውነት መሆኑን ያየሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። አሥረኛው ነርቭ ለካ እኔም ውስጥ ነበረ!

ስለዚህ ነገር ሳወራ ሁለት ዓይነት ተቃውሞ ይገጥመኛል። አንደኛው «የባዕድ ሃይማኖት ነው» የሚል ነው። ለእነዚህ ወዳጆቼ የምለው አጭር ነው፤ የራሳችሁን ያዙ። ክርስቲያኑ ጽሞና የሚባል ነገር አለው። ሙስሊሙ በሶላቱ ኹሹዕ የሚለው አለው። ሁለቱም ዘንድ አፍ እየጸለየ ልብ ገበያ መውጣቱ የታወቀ ችግር ነው፤ ሁለቱም ስለ መመለሻው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቡና ስናፈላስ? አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ድረስ ቸኩሎ የሚነሣ ሰው ነውረኛ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚል ሕዝብ ይህን ነገር ከውጭ አላስመጣም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። አንድ ወጣት ሐኪም እንዲህ አለኝ፦ «36 ሰዓት ሳልተኛ ቆሜ፣ ደመወዜ የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ አንተ ተንፍስ ትለኛለህ?» እውነቱን ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ይዘው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምድብ ላይ፣ በሥራ ተቃጥሎ ማለቅን የሚገልጸው እንደ በሽታ አይደለም፤ በሥራ ቦታ በወጉ መፍትሔ ካላገኘ የቆየ ጫና የሚመጣ የሥራ ጉዳይ አድርጎ ነው። ነገሩ ከሥራው ከመጣ መድኃኒቱም ሥራው ላይ መታዘዝ አለበት። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንቅልፍ ነው የሚያስፈልገው። በቂ ሰው የሌለበት ዋርድ ሰው ነው የሚያስፈልገው። አለቆች «ተረጋጉ፣ ልብ በሉ» የሚለውን በአልጋና በደመወዝ ፋንታ ማደል ከጀመሩ፣ ነገርዬው ልምምድ መሆኑ ቀርቶ ማደንዘዣ ይሆናል። እንዲያውም ቀልቡን የሰበሰበ ሰው መድከሙንም አጥርቶ ያውቃል፤ «እኔ አሁን ለበሽተኛ አልመችም፣ ሰው ይተካኝ» ብሎ ለመናገር ይደፍራል። ይህን መስማት የማይፈልግ ሆስፒታል ማይንድፉልነስ ባያስተምር ይሻላል።

ግን ደግሞ ደመወዝ እስኪስተካከል፣ ሰው እስኪቀጠር፣ አልጋው ላይ የተኛችው እናት አለች። እሷ ዛሬ ነው የምትናገረው። ለዚህ ነው ልምምዱን ያልተውኩት፤ ለራሴ ሰላም ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ በሰለቸኝ።

አሁን እኔም ተማሪዎች አጠገቤ ይቆማሉ። ስልካቸው ከእኛ ሃንድአውት ይብሳል፤ በሽተኛው እየተናገረ እንኳ ኪሳቸው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ከአልጋ ከራቅን በኋላ ስለ ላቦራቶሪው ውጤት ከመጠየቄ በፊት «አስታማሚያቸው ማን ነው? ትናንት የነበረው ነው ወይስ ሌላ?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ይተያያሉ። ከሳምንት በኋላ ግን መልስ ይዘው ይመጣሉ፤ መልሱም አንዳንዴ ምርመራውን ይለውጠዋል። አስታማሚው ሲቀየር ስንቁ ያልቃል፤ ስንቁ ሲያልቅ መድኃኒቱ አይገዛም። ይህ በየትኛውም ላቦራቶሪ አይወጣም።

እርስዎ ሐኪም ላይሆኑ ይችላሉ፤ ይህንንም ታክሲ ውስጥ ወይም ቢሮ ሆነው እያነበቡ ይሆናል። እስቲ ጣትዎን አንጓዎ ላይ ያድርጉና ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። መድረሻው ቁጥር አያስጨንቅዎ። አርባ ላይ የቤት ኪራዩ ይመጣል፣ ሃምሳ ላይ የልጅዎ ትምህርት ቤት ክፍያ ይመጣል፣ ቁጥሩም ይጠፋል። ግድ የለም። ከአንድ ይጀምሩ።